የእርጥቡ ድርሻ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሁለት ጊዜ ብቻ ጣለ። ጉድጓዶች በአንድ ወር ውስጥ ደረቁ። ከብት አለቀ። ከዚያ መሬቱ ራሱ መጨስ ጀመረ። ነበልባል የለውም፤ ጥቁሩ አፈር ከውስጥ እየነደደ ጭሱ በስንጥቁ ይወጣል። ሕፃናት ሲያስሉ ከረሙ። ሁለቱ አልዳኑም።

ቆፋሪው ይህን ሁሉ በመስኮቱ ያይ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ናት፤ ከልጁና ከምራቱ ጋር ይኖርባታል። የደረቀው መሬት በየዓመቱ ስለሚሰምጥ ግድግዳው ተሰንጥቋል። በሩም ከመቃኑ ጋር ተጣልቶ፣ አንዴ ከተዘጋ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም።

«እስር ቤት እንኳ የሚከፍት ዘበኛ አለው» ትላለች ምራቱ። ልጁ ይስቃል። ቆፋሪው አይስቅም።

ሰፈሩ በሙሉ ድሮ ረግረግ ነበር። ያደረቁት እሱና ሌሎች ሠላሳ ቆፋሪዎች ናቸው፤ አርባ ዓመት ሆኖታል። አለቃው ቦዩን በአካፋ እጀታ እየለካ ለእያንዳንዱ መቶ መቶ እጀታ ሰጠ። ድርሻው ቀድሞ የደረቀለት ሰው መሬት ቀድሞ ይመርጣል ተባለ። ከቆፋሪው ድርሻ ዝቅ ብሎ ያለው የጓደኛው ነበር። ቆፋሪው ለአምስት ቀን፣ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ፣ ከቦዩ ወለል አንድ ክንድ ዝቅ አድርጎ የሸክላ ቱቦ ቀበረ። የእሱ ውሃ በቱቦው ሾልኮ ጓደኛው ድርሻ ላይ ይወጣል።

የእሱ በሳምንት ደረቀ። የጓደኛው ቢቀዳ ቢቀዳ አልደርቅ አለ። አለቃው «እርጥቡ» አለው፤ በዚያው ስሙ ሆኖ ቀረ። በሰፈሩ ሰነፍ ሠራተኛ እስከ ዛሬ «እርጥቡ» ተብሎ ይሰደባል። ቆፋሪው ጥሩውን ጥቁር መሬት መረጠ። ለእርጥቡ ድንጋያማው ጥግ ደረሰው፤ ስሙን ተሸክሞ ሞተ።

የእርጥቡ ሚስት፣ ምንጣፍ ሠሪዋ፣ ከቆፋሪው አጥር ማዶ አለች። ደንገል ታጭድ የነበረው ከረግረጉ ነው። ረግረጉ ሲሄድ ሥራዋም ሄደ። አሁን ያረጀ የማዳበሪያ ጆንያ እየተረተረች ከክሩ ትሠራለች።

ከጭሱ በኋላ አንዲት ኢንጂነር መጣች። ውሃው መመለስ አለበት አለች። ይህ አፈር እርጥብ ሳለ የስንት ዘመን ቅጠልና ሥር አምቆ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን እንደ ከሰል እየነደደ ሰማዩን ያሞቃል፣ ዝናቡንም ያዛባል። ሽመላውና እንቁራሪቱም የጠፉት ቤታቸው ስለፈረሰ ነው። ይህን ተናግራ፣ ቦዩ በሚጠብበት ቦታ፣ በሁለቱ ድርሻዎች ወሰን ላይ፣ የሸክላ አፈር ግድብ ሠራች። ቆፋሪውን ጠባቂ አድርጋ ቀጠረችው።

«ቦዩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም» አለችው።

ቀጥሎ ዝናቡ ደህና ጣለ። ውሃው አንድ ስንዝር ከፍ አለና ቆመ።

«አባቴ፣ ይህ ውሃ የት ነው የሚገባው?» አለች ኢንጂነሯ።

«መሬቱ ይጠጣዋል።»

«ወር ሙሉ? ይህስ ጥም አይደለም፣ በሽታ ነው።»

መሥሪያ ቤቷ የወሩን መጨረሻ ቀጠሮ ሰጣት። ግድቡ እስከዚያ ውሃ ካልያዘ ሥራው ይዘጋል።

ልጁ የሽንኩርት መደቡን ሲኮተኩት ቀና ሳይል ተናገረ።

«አባባ፣ የቱቦውን አፍ አይቼዋለሁ። ከሳሩ ስር።»

«መቼ?»

«ዓምና፣ ቦዩን ስጠርግ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«አንተስ?» መኮትኮቻውን መሬት ላይ ሰካው። «ውሃው ከያዘ ሽንኩርቱ አለቀ። ቤቱም አለቀ። የምንጣፍ ሠሪዋ ቤት ድንጋይ ላይ ነው፣ ምንም አትሆን። አፍህን ያዝልኝ፣ በሞቴ።»

ቆፋሪው አፉን ያዘ። ጠዋት ጠዋት ግድቡ ላይ ተቀምጦ የማይሞላውን ውሃ ይጠብቃል። በግራው የልጁ መደብ፣ በቀኙ የምንጣፍ ሠሪዋ አጥር፣ ከእግሩ ስር ቱቦው። የሚሄድበት አልነበረውም።

አንድ ቀን ምንጣፍ ሠሪዋ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ግድቡን ትጠብቃለህ ወይስ እሱ ነው የሚጠብቅህ?»

«እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«ትናንት ወፍጮ ቤት የሚሉትን ሰማህ? ግድቡ አልይዝ ያለው የእርጥቡ ድርሻ አጠገብ ስለተሠራ ነው አሉ። ሞቶም ሥራ ያበላሻል!» ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። «መዳፉ ተልጦ በጨርቅ እየጠቀለልኩ ነበር የምልከው። ስንት ባልዲ እንደቀዳ እኔ አውቃለሁ። ማን ይሰማኛል?»



በወሩ መጨረሻ ኢንጂነሯ ዕቃዋን መኪና ላይ ስታስጭን የሰፈሩ ሰው ሊያይ ወጣ። ቆፋሪው አካፋውንና አሮጌ ጆንያ ይዞ ከግድቡ በታች ወረደ። በእጀታው ለካ፤ ሦስት እጀታ ላይ ቆመና መቆፈር ጀመረ። ልጁ ሮጦ ደርሶ አካፋውን ያዘበት።

«አባባ፣ ውጣ!»

«ልቀቅ፣ ልጄ። ቤቱ እንደሆነ እየሰመጠ ነው። ዛሬ ውሃ ባይወስደው ነገ ጭሱ ይወስደዋል።»

«የኔ ልፋትስ?»

«ልክ ነህ። ያስቀየምኩህ እኔ ነኝ። ግን ልቀቅ።»

ልጁ ለቀቀ። አላገዘውም፤ አልከለከለውምም።

አካፋው ሸክላ ነካ። ቱቦው ሲሰበር ውሃው ወገቡን መታው። ጆንያ ጠቀጠቀበት፣ በላዩ ጭቃ እየረገጠ ሞላው። መፍሰሱ ቆመ። ኢንጂነሯ ከላይ አጎንብሳ ታይ ነበር።

«ማን ነው የቀበረው?»

«እኔ።»

ከግድቡ በላይ ውሃው ቀስ እያለ ሳሩን ማልበስ ጀመረ። ልጁ ወደ መደቡ ሄዶ ያልደረሰውን ሽንኩርት ይነቅል ጀመር።

ቆፋሪው ጭቃው ውስጥ እንደቆመ ምንጣፍ ሠሪዋን ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ ባልሽ ሰነፍ አልነበረም። ሲቀዳ የነበረው የኔን ውሃ ነው።»

መቀነቷን አጠበቀች።

«ድገመው።»

«ባልሽ ሰነፍ...»

«ለኔ አይደለም። ለኔ ምን ይነገረኛል? ወደ ሰዉ ዙር። ስሙንም ጥራ፤ ያን ስም አይደለም።»

ቆፋሪው ወደ ሰዉ ዞረ። ያደረገውን ከቱቦው እስከ መሬቱ ምርጫ ድረስ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። በመጨረሻ ጓደኛውን እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራው። አርባ ዓመት ሰፈሩ ውስጥ ያልተጠራ ስም ነበር።

«እሱ ነው» አለች ምንጣፍ ሠሪዋ።