ጋሻዬ የቀዳው ድምፅ

የባንቺዓለም መንጋጋ የተሰበረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ባሏ ጋሻዬ ከሰርግ ቤት ጠጥቶ ገባና በሆነ ነገር ተጨቃጭቀው በዱላው መታት። ጤና ጣቢያ ሲወስዳት መንገድ ላይ እግሯ ላይ ወደቀ።

«በቅሎ ረገጠችኝ በይ። አደራሽን፣ ለልጆቻችን ስትይ።»

እሷም ጤና ጣቢያው ውስጥ እንደዚያው አለች። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ ቢባሉም ጋሻዬ የእህል መሰብሰቢያ ወቅት ነው ብሎ አስቀራት። አጥንቱ እንደነገሩ ገጠመ፤ አገጯም ወደ ኋላ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ታንኮራፋለች። ጧት ራሷን ይፈልጣታል፤ ብልባላ ገበያ ጌሾዋን ዘርግታ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይጥላታል። ጋሻዬ መኝታ ለየ፤ ቆይቶም እፈታታለሁ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ።

«አባቴ፣ እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ራስዎ ይስሙት» ብሎ በነፍስ አባቷ በቄስ ገብረ ዮሐንስ ፊት ስልኩን ከፈተ።

ማንኮራፋቷ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ፤ ድንገት ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው ትንፋሿ ተመለሰ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

ባንቺዓለም አፈረች። ከሐፍረቷ ይልቅ ያቃጠላት ግን ሌላ ነው።

«ትንፋሼ ሲጠፋ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትቀዳ ነበር? አልቀሰቀስከኝም?»

ቄስ ገብረ ዮሐንስ አልሳቁም። «ይህ ሕመም ነው፤ ሐኪም ይስማው» ብለው ቅጂውን ለእህቷ ለሙሉዬ አስላኩላትና ጉባኤውን በተኑ።

ላሊበላ ያገኙት ሐኪም ድምፁን ሁለት ጊዜ ሰማ፤ መንጋጋዋንም ዳሰሰ።

«አገጭሽ ወደ ኋላ ስለገባ ስትተኚ ምላስሽ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ሌሊቱን ሙሉ እየታፈንሽ ትነቂያለሽ፤ ቀን የሚጥልሽ እሱ ነው። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ፤ እስከዚያ በጎንሽ ተኚ። ለመሆኑ ምን ሰበረሽ?»

በቅሎ ልትል አፏን ከፈተች።

«ባሌ» አለች።

ሙሉዬ ከወንበሯ ተነሳች። «እኔንም ደበቅሽኝ?»

«ለእሱ ብዬ።»

ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲቀመጡ ያንኑ ነገረቻቸው፤ ፍቺውንም ራሷ ጠየቀች። ጋሻዬ በሩ ላይ ጠብቆ «ገመናዬን አወጣሽው» አላት። አልፋው ሄደች።

አሁን ሙሉዬ ቤት ሆና የሆስፒታል ቀጠሮዋን ትጠብቃለች። ትንፋሿ ሲቋረጥ ሙሉዬ ትነቀንቃታለች። ሰው አጠገቧ እያለ መተኛት ግን እስካሁን ይከብዳታል።