ጎማ ለብሶ ዘንገና

የወርቅአየሁ እግሮች ወደ ሰማይ ተነሡ፤ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ቀረ። አፉ የጎረሰው፣ በጀርባው ካዘለው የአየር ጋን የሚመጣው ቱቦ ባይኖር አብቅቶለት ነበር። ከዘንገና ሐይቅ ዳር የቆመው ሰው "ኧረ በሚካኤል!" ብሎ ጮኸ። ፈረንጁ ዋኝቶ ደረሰና ወገቡን ይዞ አቃናው፤ እየጎተተም ወደ ዳር አወጣው።

ጥፋቱ የራሱ የወርቅአየሁ ነበር። ፈረንጁ ከጃንሆይ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ የሐይቁን ጥልቀት ሊያጠና የመጣ ነው። ረዳቱ ታሞ አዲስ አበባ ስለሄደ ዋና የሚችል ሰው ቢፈልግ፣ እንጅባራ በሙሉ ወርቅአየሁን ጠቆመ። ጠዋት ወፍራም የሱፍ ሹራብና ሱሪ አለበሰው፤ ከላይም ውሃ የማያስገባውን የጎማ ልብስ ደረበለት። አስተርጓሚው መምህር አስማረ ደጋግሞ ነግሮታል።

"የሚያሞቅህ ጎማው አይደለም፤ ሱፉና በውስጡ ያለው አየር ነው። አየሩ ከበዛ ግን ወደ እግርህ ይሄድና ይዘቀዝቅሃል። እስከ አንገትህ ውሃው ውስጥ ቁጭ በልና አንገትጌውን ከፍተህ ትርፉን አስወጣ።"

ወርቅአየሁ ቁጭ አለ፤ አንገትጌውን ግን ለይስሙላ ነካ አድርጎ ተወው። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ሰው ሙቀት ይጥላል እንዴ? ሞቆት፣ ተንሳፎ፣ ዳር ለቆሙት ለአማቱ ለእህተማርያም እጁን ሁሉ አወዛወዘ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

አሁን ዳር ላይ ተቀምጧል። ፈረንጁ የጎማውን ልብስ ገፎ የሱፍ ሱሪውን ቢዳስስ እርጥብ ሆኖ አገኘው። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ውሃ ገብቷል ወይ ይልሃል" አለ አስማረ።

ወርቅአየሁ ውሃ እንዳልገባ ያውቃል። እግሩ ሽቅብ ሲሄድ፣ ሐይቁ ወለል የለውም ሲባል የሰማው ሁሉ ሲመጣበት፣ ምን እንዳመለጠው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አማቱን አየ። እሱ፣ በጉግስ አንድም ቀን ከፈረስ ያልወደቀ ሰው!

"ገብቷል" አለ።

ፈረንጁ የጎማው ልብስ ጉልበት ላይ ያለውን ልጣፊ እያሳየ ተቆጣ። ከልጣፊው ሥር ያለውን ቀዳዳ በመኪና የውስጥ ጎማና በማስቲሽ የደፈኑት ከዳንግላ የመጡት ጎማ ጠጋኝ፣ አያ ስማቸው ናቸው።

"ከእንግዲህ ዕቃዬን እንዳይነኩ ይላል" ሲል አስማረ ተረጎመ፤ የቆመው ሁሉ ሰማ።

"ወይ ጉድ! እኔም እኮ የመኪናዬን ጎማ የምሰጠው ለእሳቸው ነበር" አለ አንድ ሾፌር።

አያ ስማቸው ከሰው መሃል ወጥተው ልብሱን ይዘው ተንበረከኩ። ልጣፊውን በጥፍራቸው ፈተሹ፤ ጎተቱት። ንቅንቅ አላለም። እንደዚያም ሆኖ ራሳቸውን ጠረጠሩ እንጂ ወርቅአየሁን አልጠረጠሩም።

"ልጄ፣ ልገድልህ ነበር እኮ" አሉ። "ለእግዜር ብለህ ይቅር በለኝ። ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ፤ ሥራውን ብተወው ይሻላል።"

ወርቅአየሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አባቱ የሚሆኑ ሰው እግሩ ሥር ተንበርክከው ሲለምኑት ዝም ብሎ መቀመጡ ከእርጥቡ ሱሪ ይልቅ አሳፈረው።

"አያ ስማቸው፣ ይነሡ፤ በሞቴ ይነሡ" አለ። "ልጣፊው ጠብታ አላስገባም። አስማረ፣ ውሃው የራሴ ነው።"

አስማረ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው የወርቅአየሁን አማት ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ተው እንጂ፣ በሰው ፊት! ማታ ለፈረንጁ ለብቻው እነግርልሃለሁ።"

"እሳቸው የተዋረዱት በሰው ፊት ነው።"

ወርቅአየሁ ተነሣ። ሱሪውን ሳይሸፍን ፊቱን አማቱና ሾፌሩ ወዳሉበት አዞረ።

"ስሙኝማ!" አለ። "የአያ ስማቸው ሥራ አላፈሰሰም። እኔ ነኝ ፈርቼ የሸናሁት!"