የዱቄት መልክ

ጋሽ ባየ ፎቶውን ግንባሩ ላይ ሳም አድርገው ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ለሐሴት ሰጧት። የሞተች ልጃቸው የየሺሃረግ ነው፤ ከእሱ ሌላ ፎቶ የላትም። ለአርባዋ ተለቅ ብሎ እንዲወጣላቸው ብለው ከማጂ ሚዛን ተፈሪ ድረስ በዝናብ ይዘውት መጡ፤ ርሷል።

"ትንሽ ይድረቅ" ብላ ነበር ሐሴት። ግን ወደ ማጂ የሚመለሰው መኪና ሊነሳ ነው፣ ሽማግሌው ቆመው ይቁነጠነጣሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እርጥቡን ፎቶ የኮፒ ማሽኑ መስተዋት ላይ አጋድማ ቁልፉን ተጫነች። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር አለፈ፤ ወረቀቱ ሊወጣ ሲል መብራት ድርግም አለ።

ክዳኑን ስታነሳ ፎቶው ተጣብቋል። ቀስ ብላ ሳበችው፤ ፊቱ ተልጦ መስተዋቱ ላይ ቀረ። ክው አለች።

"ምነው ልጄ?"

"ፎቶውን አበላሸሁት፣ ጋሽ ባየ። በእኔ ጥድፊያ ነው።" ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች። "ማሽኑ ውስጥ የቀረው ወረቀት ላይ ካልተረፈች ሌላ የለችም።"

የማሽኑን ጎን ከፍታ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አወጣችው። የየሺሃረግ ዓይን፣ ሹሩባዋ፣ ሁሉም አለ። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"እንዳይነኩት። ቀለሙ ገና ዱቄት ነው። የፎቶው ጥቁር ጥቁሩ ማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከረው ጥቅል ላይ ኤሌክትሪክ ሆኖ ይቀራል፤ ዱቄቱ እዚያ ላይ ይለጠፍና ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። የሚያጣብቀው ግን ሙቀት ነው፤ እዚያ ሳይደርስ መብራቱ ሄደ።"

ጎረቤቷ ሀጂራ ሻይ ሻጭ ናት። ሐሴት ሮጣ የሀጂራን የከሰል ምድጃ ላዩ ላይ ከጋለው የብረት ትሪ ጋር አንጠልጥላ ተመለሰች። ጋሽ ባየ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

"ኧረ አይሳሙት!"

ስመውታል። ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ የልጅቷ ግንባር ላይ የከንፈር ቅርጽ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

"ደግሜ ቀበርኳት" አሉ።

ሐሴት መቆጣትም ማልቀስም አማራት፤ ግን በሩ ክፍት ነው፣ ነፋስ ገብቶ ዱቄቱን ሊበትነው ይችላል። ወረቀቱን የጋለው ትሪ ላይ አንሸራታ አስቀመጠችው። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ትንሽ ቢቆይ ይቃጠላል፣ ቶሎ ቢነሳ ይረግፋል። ደብዛዛው ጥቁር ከሹሩባው ጀምሮ ማብለጭለጭ ያዘ። አነሳችውና ቀዝቀዝ ሲል ጉንጩን በጣቷ ዳበሰችው። ጣቷ ንጹሕ ነው።

"ተረፈች፣ ጋሽ ባየ። ግንባሯን በእርሳስ እሞላዋለሁ።"

"ተይው" አሉ። "ስወጣ ስገባ የምስማት እዚያው ላይ ነበር።"

ከንፈራቸውን ሳይጠርጉ ወደ መኪናው ሄዱ።