የኩልሱም መስኮት

ሙና «እናቴም ልትሞትብኝ ነው» ብላ ከልቧ የፈራችው አባቷ ይማም በተቀበረ በሁለተኛው ወር ነው። እናቷ ኩልሱም ዒዳ ላይ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት ሳትወጣ፣ ባዕድ ወንድ ሳያያት ትቀመጣለች፤ ኩልሱም ደግሞ ሕግ ከያዘች ከሸሆቹም በላይ ታጠብቃለች። የሳሎኑን ሰፊ መስኮት በወፍራም መጋረጃ ዘግታ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠች።

መስኮቱን ያስገጠመላት ይማም ራሱ ነበር። ከወሎ አምጥቶ ጅግጅጋ ካስቀመጣት ጀምሮ እሱ ደገሀቡር ዕቃ ጭኖ ሲመላለስ እሷ መንገድ መንገዱን ስታይ ኖራለች፤ ለዚህ ነው ከሚሌኒየሙ ወዲህ እጁ ትንሽ ሲፈታ መጀመሪያ ያሰራው መስኮቱን የሆነው። አሁን መስኮቱም ተዘግቶ፣ የሚጠበቀውም ሰው ቀርቶ፣ የምግብ ሳህኑ እንደገባ ይወጣል። «ሙንዬ፣ እኔ እኮ በቁሜ ቀብር ገብቻለሁ» ትላለች። ሙና ሥራ ቦታዋ ላይ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ዱብ ይላል።

መጋረጃው እንዳይከፈት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ የዒጋል ሱቅ በረንዳ አለ። የይማም ወዳጆች የነበሩት ሽማግሌ ነጋዴዎች ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ጀምረው እስከ ማታው ዒሻ ሶላት ሻሂያቸውን ይዘው ወንበር ደርድረው የሚቀመጡት እዚያ ነው።

ስለዚህ ሙና መስታወት ላይ የሚለጠፍ ፊልም ፍለጋ ወጣች። ጀዕፈር መኪና ላይ ፊልም የሚለጥፍ ሰው ነው። በዚህ ሥራ ከተማው ውስጥ እሱን የሚያህል የለም፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው የለም። ሦስት ጥቅል አውጥቶ ዘረጋላት።

«ይሄ ጥቁሩ ነው። ማንም አያይሽም።»

«ጨለማስ ሞልቶናል» አለች ሙና።

«እሺ፣ ይሄ በረዶ የመሰለው ብርሃን ያስገባል፣ ሰው አያሳይም።»

«ከውስጥ ሆና መንገዱን ታያለች?»

«እሱንማ አታይም።»

ሙና ጥቅሎቹን አገላበጠች። እናቷ ማየትም አለባት፣ መታየትም የለባትም፤ ይሄን የሚያሟላ ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም። ጀዕፈር ግን ሦስተኛውን፣ የሚያብለጨልጨውን ቀድዶ በሱቁ በር መስታወት ላይ ለጠፈና ከውስጥ ቆመ። ቀትር ነው፤ ጸሐዩ መሬቱን ይጠብሰዋል። ሙና በመስታወቱ ላይ የራሷን የጎደጎዱ ዓይኖች ብቻ አየች።

«ስንት ጣት ነው ያወጣሁት?» አላት ከውስጥ።

«ኧረ አንተንም አላይህ!»

«እኔ ግን አይሻለሁ። ሻርፕሽ ተጣሟል።»

«ጀዕፈር፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ዋላሂ! በስንቱ ትልቅ ሰው መኪና ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አንድም ቀን ታየሁ ያለኝ የለም።»

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ኩልሱም ጓዳ ገብታ ሳለ፣ መጥቶ ለጠፈው። ሙና እሱን ከውስጥ አቁማ ውጭ ወጣች፤ ገባች፤ አላመነችም፤ ደግማ ወጣች። የካራማራን ተራራ ከነደመናው መስታወቱ ላይ አየች እንጂ የሰው ጥላ እንኳ የለም። መጋረጃው ተከፈተ።

ኩልሱም መጀመሪያ ፊቷን ሸፍና ነበር የተቀመጠችው። እያደር ወደ መስታወቱ ተጠጋች። ፍየሉን፣ አህያውን፣ ውሃ የሚሸጠውን፣ ሁሉንም ለልጇ ትተርክ ጀመር፤ ሳህኑም ባዶውን ይወጣ ጀመር። ሲመሽ፣ መብራት ሲበራ፣ መስኮቱ ወደ ውስጥ መስታወት ይሆንላታል። «ማታ ማታ ደግሞ ራሴን ያሳየኛል» አለች፤ ሻርፗን አውልቃ ከይማም ሞት ወዲህ ያልተነካ ጸጉሯን ፊቱ ቆማ ማበጠር ያዘች። ሙና «እናቴን መለስኳት» ብላ ዕንባዋ መጣ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ ሳምንት ሳይሞላ ኩልሱም ሳህኑን ገፋችው።

«ወንበራቸውን አዞሩ» አለች።

ሙና አየች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እንደተቀጣ ተማሪ የዒጋል ስኳር ኬሻዎች ላይ አፍጥጠዋል። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

«የይማም ወዳጆች እኮ ናቸው» አለች እናቷ። «አብረውት እንጀራ በልተው። ቤቱን ማየት እንኳ ጠሉ።» ከዚያ ወዲያ ከሻይ በቀር አፏ አልገባም።

ሙና ጭንቀቷ አገረሸባት። ባልቴቷ በዒዳዋ መጋረጃ ከፈተች ብለው አውግዘዋት ይሆን? አባቷ አስቀይሟቸው ኖሮ ይሆን? አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ጨልሞ ሳለ፣ አልቻለችም፤ «መጣሁ» ብላ እናቷን ማበጠሪያ እንደያዘች ትታ መንገዱን ተሻገረች።

«አደር ዒጋል፣ አጎቴ፣ ምን አጠፋን?» አለች ገና በረንዳው ላይ ሳትደርስ።

ሽማግሌው አልዞረም። «ልጄ፣ መጣሽ? አልሀምዱሊላህ።»

«ሰው ሲያናግርዎት እንኳ አይዞሩም?»

«እኔ አልዞርም። አንቺ ዙሪ።»

ዞረች። መስኮቱ በጨለማው መሀል እንደ ቴሌቪዥን በርቷል። እናቷ፣ ባዕድ ወንድ የጸጉሯን ዘለላ አይቶባት የማያውቅ ኩልሱም፣ ራቁት አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሽበቷን ደረቷ ላይ በትና ታበጥራለች። ቀን ከውጭ መስታወት የነበረው፣ ማታ ከውስጥ ሲበራ ሁሉን ይዘረግፈዋል። መኪና ውስጥ መብራት አብርቶ የሚያመሽ የለምና ጀዕፈርም ይህን አያውቅ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መስኮትም እንዲሁ።

ሙና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ለምን አልነገራችሁንም?»

«ምን ብለን?» አለ ዒጋል ለስኳሩ። «ከነገርን አየናት ማለት ነው። የይማም ሚስት ናት፤ ዒዳ ላይ ናት። እኛ አላየንም።»

«አላየንም» አሉ ሌሎቹም፣ አንድም አንገት ሳይዞር።

«መንገደኛውንም ጓደኛችን ጉሃድ ጥግ ላይ ቆሞ በላይኛው መንገድ ይልክልሻል። አሁን ሂጂ።»

ሮጣ ተመለሰች፤ መጋረጃውን ጨምድዳ ሳበችው።

«ምነው?» አለች ኩልሱም።

«ነፋሱ በረታ። ከእንግዲህ ሲመሽ እንዝጋው።»

«ምን አሉሽ? ለምን ጀርባ ሰጡኝ?»

ሙና መጋረጃውን አልለቀቀችም። እውነቱን ብትነግራት እናቷ ሁለተኛ ወደዚያ መስኮት አትጠጋም፤ ምናልባትም ሁለተኛ አትበላም።

«እንዳያዩሽ ብለው ነው እማ። አክብረውሽ።»

ኩልሱም ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ቀስ በቀስ ፊቷ ፈታ አለ፤ ከዚያም ይማም ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ውይ ሞኞች! እንደማልታይ አያውቁም ማለት ነው? ነገ ንገሪያቸውና ይዙሩ፤ አንገታቸውን ያማቸዋል። በይ አሁን ራት አምጪ።»

ሙና መጋረጃውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ፊቷን ወደ ጨርቁ አድርጋ፣ «እሺ እማ» አለች።