የሚዞረው የፖስታ ሳጥን

በዚያ ጸደይ መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የቆመው የወይዘሮ ቬልዳ የፖስታ ሳጥን ለሦስተኛ ጊዜ ተሰባበረ። በመኪና እያለፉ በዱላ የሚመቱ ጎረምሶች ሥራ ነበር። እኔ የዚያ መንገድ ፖስታ አዳይ ነኝ፤ ጠዋት ስደርስ ሳጥኑ ተጨፍልቆ ቦይ ውስጥ ወድቋል። ወይዘሮ ቬልዳ ጉልበታቸውን አሟቸው ሳያነሡት ያደረው የወንድማቸው የላይል ደብዳቤ ጭቃ ውስጥ ርሷል። ላይል ኦሪገን የሚባል ሩቅ ግዛት ነው ያለው፤ ጆሮው ስለማይሰማ ስልክ አይሆንለትም፤ በየሳምንቱ ይጽፍላቸዋል።

ወረቀቱን ምድጃ አጠገብ ዘርግተን አደረቅነው። ቀለሙ ግን ታጥቧል።

"ምን ብሎኝ ይሆን?" አሉ ወይዘሮ ቬልዳ፣ በጣታቸው እየዳሰሱት።

በማግስቱ ጎረቤታቸው አቶ ኦሪን ከባድ የብረት ሳጥን ጭነው መጡ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ብየዳ ላይ ናቸው።

"ዙሪያውን ሲሚንቶ ሞልቼዋለሁ። የሚመታው ክንዱ ይሰበራል፣ ይማራል!"

"የልጅ አጥንት ሰብሬ ደብዳቤ አላነብም። ውሰድልኝ።"

"ደግነትሽ ነው ያስጠቃሽ!" ብለው እያጉረመረሙ ሄዱ።

ከዐሥር ቀን በኋላ ተመለሱ። አዲሱ ሳጥን ምሰሶው ላይ እንደ በር የሚዞር ነው። ከላይ እኔ የማስገባበት ጠባብ ቀዳዳ፣ ከታች ቁልፍ ያለው መዝጊያ አለው።

"እስቲ ምቺው" አሉ።

ወይዘሮ ቬልዳ በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

"እንደሱ ነው እንዴ የሚመታው? እኔን እየመታሽ እንደሆነ አስቢ!"

ይኼኔ አሳረፉበት። ሳጥኑ ተሽከርክሮ ዞረና ቦታው ተመልሶ ቆመ። ሦስታችንም ሳቅን።

አቶ ኦሪን ሁለት ቁልፍ ሰጧቸው። ወይዘሮ ቬልዳ አንዱን መለሱላቸው።

"ይሄ አንተ ጋ ይሁን።"

"እኔ ምን ላደርግበት?"

"ጉልበቴ እንቢ ያለኝ ቀን ማን ያመጣልኛል?"

አቶ ኦሪን ቁልፉን የደረት ኪሳቸው ከተው ቆልፈውበት፣ ኪሱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ሰኔ ላይ ሳጥኑ አንዴ ተመታ፤ ጭረት ብቻ ወጣበት፣ ደብዳቤውም ደረቅ ነበር። አሁን አቶ ኦሪን ቀትር ላይ ፖስታውን ይዘው ወደ ወይዘሮ ቬልዳ ቤት ሲወጡ አያቸዋለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ከኦሪገን በመጣው ፖስታ ላይ ላይል የሁለቱንም ስም ጽፎ ነበር።