ቢጫዋ የጆሮ ቁጥር

እኔ ደመቀች ምላሴ ስለታም ነው፤ ሱሉልታ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር። የአምስት ሴቶች የብድር ቡድን ሰብሳቢ ያደረጉኝም ለዚሁ ነው። አንዷ ካልከፈለች አራታችን እንከፍላለን፤ ስለዚህ ማንንም አልምርም።

ድንቅቱ ባሏ የሞተባት ናት። በብድሩ የወተት ላም ገዛች፤ ልጇን ሄመንን የምታስተምረው በዚያች ላም ወተት ነበር። ላሟ መድን አላት፤ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ያለባት ቢጫ ፕላስቲክ ተሰክታላታለች።

ነሐሴ ላይ ላሟ ማገጥ የሚባለውን ሣር በእርጥቡ በልታ ሆዷ ተነፋና ከሰዓት በኋላ ሞተች። ድንቅቱ ላይዋ ላይ ተደፍታ "ዋቆ! ዋቆ!" እያለች አምላኳን ትጣራለች። አንጀቴን በላችው።

"ምን ይገትራችኋል? ይቺ ሴት እያየቻት ልታመሽ ነው?" ብዬ ሴቶቹ ላይ ጮህኩ። ላሟን በገመድ ጎትተን ገደል ከተትናት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ እኔ ደንቆሮ!

በማግስቱ የብድሩ ሠራተኛ ወንዳፍራሽ መጣ።

"ጆሮዋስ?" አለ።

"የምን ጆሮ?"

"ቁጥሩ ያለበት ጆሮ ተቆርጦ ካልቀረበ መድኑ አይከፍልም። ስትፈርሙ ተነግሯችኋል፣ እማማ።"

ተነግሮናል። በዚያች ሰዓት ግን ማን አስታውሶ! ገደል ወረድን። ጅብ አጥንት እንኳ አላስተረፈም። ጭቃውን ስንዳብስ ዋልን፤ የለም።

ለድንቅቱ የቀረቻት አንዲት ጊደር ናት። "ዕዳዋን እኛው እንክፈልላት" አልኩ። ከአምስታችን አንዷ ስንዱ "ከየት አምጥተን?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሁላችንም ባዶ ነን። ጊደሯን ለገበያ ልነዳ የሄድኩት እኔው ነኝ፤ ሰብሳቢ አይደለሁ? ድንቅቱ ገመዱን ራሷ ፈትታ እጄ ላይ አኖረችው።

"አዴ፣ አንቱ ላሟን ያስጣሉት ለእኔ አዝነው ነው" አለችኝ።

ምናለ በሰደበችኝ! መስከረም ሲጠባ ሄመን ትምህርቷን ትታ ቡራዩ ፋብሪካ ገባች።

ጥቅምት ላይ ገደሉ አፍ ሣር ሳጭድ ማጭዴ አንድ ነገር ነካ። ቢጫዋ ፕላስቲክ! በቀሚሴ ጠረግኳት፤ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል። ወንዳፍራሽ ዘንድ ይዣት በረርኩ። "ጊዜው አልፏል፣ እማማ" አለኝ።

አሁን ሣጥኔ ውስጥ ናት። ድንቅቱ በየሳምንቱ ስብሰባ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ።