ሐኪሟ ያዘዘችው አደራ

ጠጅቱ የደነገጠችው ባሏ የተዋሰውን ሁሉ መመለስ ሲጀምር ነው። ቀጄላ በሰበታና በተፍኪ መካከል ባለው ሰፈር በብዙ ነገር ይመሰገናል፤ የተዋሰውን በመመለስ ግን ተመስግኖ አያውቅም። የዳኜን መጥረቢያ ከወሰደ ዘመናት አልፈዋል፤ ዳኜ ራሱ መጥረቢያ እንደነበረው ረስቶ ሌላ ገዝቷል። አንድ ማለዳ ቀጄላ መጥረቢያውን አስሎ፣ እጀታውን አሳድሶ፣ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ወስዶ ሰጠው። ቀጥሎ የሊቤን መሰላል መለሰ፤ ከዚያ የዕድሩን ድስት፣ ከዚያ አንድ ክረምት ቄሱ ረስተውት የሄዱትን ጃንጥላ። ሰፈርተኛው «እንዲህም ያለ ታማኝ ሰው አለ!» እያለ እጁን በአፉ ጫነ። የፈራችው ጠጅቱ ብቻ ናት። ሰው ዕቃ የሚያስረክበው መንገድ ሊሄድ ሲል ነው፤ ቀጄላ ደግሞ ሚኒባስ የሚያሳፍር ጉዳይ እንኳ አልነበረውም።

ጉዳይ ያጣው ማሳው ከታጠረ ወዲህ ነው። ፋብሪካ ሊቆምበት ነው ተብሎ መሬቱ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጠረ፤ ፋብሪካው ግን ሳይመጣ ቀረ። የመጣው አረም ነው። ቀጄላ እንደለመደው ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ቦቲውን ይጫማል፣ ቆርቆሮው ጥግ ይሄድና በሚስማር ቀዳዳ አሻግሮ ያያል። «ምን ታያለህ?» ስትለው «ጤፌን» ይላል። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። አንድ ቀን ደግሞ፣ ሠርግ ሳይኖር፣ በዓል ሳይኖር፣ የአባቱን ምንሽር ጠመንጃ ከተሰቀለበት አውርዶ ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲወለውል አገኘችው። ሲያያት መልሶ ሰቀለው።

«ታዲያ ለምን በግልጽ አትነግረውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ትዳር ይዞ የማያውቅ ነው። በእነሱ ሰፈር ወንድን ጠመንጃህን ከቤት አውጣ ማለት ሱሪህን አውልቅ ከማለት አይተናነስም። ለጎረቤት መንገርማ የባሰ ነው፤ ወሬው ቡራዩና ሱሉልታ ያለው ዘመድ ጋ ከአፏ ሳይወጣ ይደርሳል። ስለዚህ ጠጅቱ ተንኮል አሰበች። እንቅልፍ የሚነሳህ ጨጓራህ ነው ብላ፣ ሦስት ቀን ጨቅጭቃ፣ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

የዕለቱ ሐኪም ዶክተር ኡሙልኸይር ነበረች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ቡራዩ ቤት ሠርቶ ስለገባ ከዚያ እየተመላለሰች ትሠራለች። ጠጅቱ ባሏን ሰልፉ ላይ ትታ ሹልክ ብላ ገባችና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ዶክተር፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ስለ ጠመንጃው ጠይቂልኝ። እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ ብቻ።»

«አይጨነቁ እናቴ፤ እንዲህ የከፋው ሰው ሲመጣ ሁሌም እጠይቃለሁ። ሥራዬ ነው።»

ጠጅቱ ተገላገልኩ ብላ ባሏን ይዛ ተመለሰች። ዶክተሯ የቀጄላን ሆድ ዳሰሰች፣ ምላሱን አየች።

«ይተኛሉ?»

«አልተኛም።»

«ይበላሉ?»

«ስትለምነኝ።»

«መኖር ያስጠላዎታል?»

ቀጄላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል ያነብ ጀመር።

«በቤትዎ ጠመንጃ አለ?»

ቀጄላ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ዶክተር፣ እኔ ያልኩሽ ጨጓራ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ጠመንጃ ጨጓራ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔ የጠየቅኩት ስለ ቤትዎ ነው።»

«ቤቴን አላመመኝም!» አለ ቀጄላ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጥያቄው እዚያው ቆሞ ሲጠብቀው፣ «የለም» አለ።

ጠጅቱ ባሏን በሐኪም ፊት ውሸታም ማድረግ ከብዷት መሬት መሬት አየች። ዶክተሯም ገብቷታል። «ጥሩ ነው፤ ካለ ግን፣ እስኪሻልዎት ድረስ ለሚያምኑት ሰው አደራ ይስጡት። ይሄ የሐኪም ትእዛዝ ነው» አለችና የጨጓራ ሽሮፕ ጽፋ፣ በሳምንቱ እንዲመለስ ቀጥራ አሰናበተቻቸው። ያንን የመሰለ ምክር ያንን የመሰለ ጥፋት ያመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል!

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቹ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ሚልኬሳ፣ ከአጥር ማዶ ያለው አብሮ አደጉ ሊቤ፣ ባለ ወፍጮው ዳኜ፣ ሌሎችም ነበሩ። ቀጄላ የሆነውን ሲያወራላቸው ጠጅቱ ከጓዳ ሆና እየሰማች ነው። አሁን «ስጠን፣ እኛ እናስቀምጥልህ» ይሉታል ብላ ጠበቀች።

«ሐኪም ጉሮሮ ይጠይቅ፣ ሽንት ይጠይቅ» አሉ ኦቦ ሚልኬሳ። «የወንድን ጠመንጃ ምን አገባው? እኔ እንኳ ይሄን ሁሉ ዘመን ስዳኝ ሰውን ከብትህ ስንት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

«ልትሰበስብ ነዋ!» አለ ሊቤ። «ዛሬ ትጠይቃለች፣ ነገ ሚሊሻ አስከትላ ትመጣለች።»

ዳኜ ላብ ላብ አለው። «ሐሙስ ግፊቴን ልለካ እሷ ጋ ቀጠሮ አለኝ። ብትጠይቀኝ ምን ልበል? ለሐኪም ከዋሸሁ ግፊቴ ይጨምራል።»

ኦቦ ሚልኬሳ ብርቱካናቸውን ልጠው እስኪጨርሱ ሁሉም ጠበቀ። ነገር ሲያበስሉ እንዲህ ናቸው።

«ቀጄላ፣ ጠይቃሃለች?»

«ጠይቃኛለች።»

«የለም ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ጽፋለች?»

«ስትጽፍ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ይሄ ቤት ተጠይቆ ያለፈ ቤት ነው፤ ሁለተኛ አይጠየቅም። ሐኪሟስ ምን አለች? ለሚታመን ሰው አደራ ስጡ አለች። ከዚህ ሰው የበለጠ የሚታመን በዚህ ሰፈር ማን አለ? የዳኜን መጥረቢያ እንኳ የመለሰ ሰው!»

ሁሉም «እውነት ነው» አለ። ጠጅቱ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ።

ጠመንጃዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ መጡ። የሊቤ ቤልጅግ በአገዳ ነዶ ውስጥ ተሸጉጦ መጣ። የዳኜ ክላሽ በዱቄት ጆንያ መጣ፤ ሲወጣ ነጭ ሆኖ ሊጥ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የኦቦ ሚልኬሳ በፍራሽ ተጠቅልሎ በአህያ ተጫነ፤ አህያዋን የሚነዱት ራሳቸው ነበሩ፣ መንገድ ላይ ለጠየቃቸው ሁሉ «ፍራሽ ነው» ሲሉ፣ ላልጠየቃቸውም «ፍራሽ ነው» ሲሉ። አደራ አልቀበልም ማለት ነውር ነውና ቀጄላ አንድ በአንድ ተቀበለ። ከጎታው ጀርባ በቁመታቸው ደረደራቸው። አንዱን ላስወጣ ብላ የተነሳች ሴት ቤቷ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሆኖ አረፈው።

ከዚያ ወዲያ ጠጅቱ ገበያ መውጣት ተወች። ጥጥና እንዝርቷን ይዛ ጎታው አጠገብ ተቀምጣ ትውላለች። ቀጄላ መጥቶ ጠመንጃዎቹን ትክ ብሎ ያያል፤ እሷ እሱን ታያለች፤ እሱ ደግሞ እያየችው እንደሆነ ሲያውቅ ስለ ዝናብ ያወራል። እውነቱን ሳትናገር ዕቃውን የምታስወጣበት ዘዴ ፈለገች። ለሊቤ ጣሪያችን ያፈሳል፣ ዝገት ይበላብሃል አለችው። ሊቤ በማግስቱ መሰላሉን ተሸክሞ መጥቶ ጣሪያውን ደፍኖላት ሄደ። ለኦቦ ሚልኬሳ አይጥ አስቸገረችን፣ የማንገቻውን ቆዳ ቆረጠመችው አለች። ድመት ላኩላት። ድመቷም ከጠመንጃዎቹ መሃል ወለደች።

ባለቤቶቹ ደግሞ አደራቸውን ሊያዩ በየቀኑ ይመጣሉ። ዘይት የነካ ጨርቅ ይዘው፣ «አካም ጅርቱ» ብለው፣ ለጠጅቱ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ወደ ጎታው ያልፋሉ። ቀጄላን «እንዴት ነህ?» የሚለው ጠፋ። ጠመንጃውን ግን «እንዴት አደረ?» ይሉታል። ጠጅቱ በገዛ ቤቷ መጮህ አማራት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከዳኜ በቀር ሁሉም ጎታው ሥር ተሰብስበው ሲወለውሉ፣ ጠጅቱ በበሩ በኩል ዶክተር ኡሙልኸይር ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በሩጫ ስትመጣ አየች። ከኋላዋ ዳኜ እያለከለከ ይከተላል፤ የግፊት መለኪያው ክንዱ ላይ እንደታሰረ ነው፤ ጎማው እየተንጠለጠለ ጉልበቱን ይመታዋል።

«ሳትጠይቀኝ ነው የነገርኳት!» አለ ዳኜ፣ ገና ከአጥሩ ሳይገባ። «ክንዴን አስራ መለኪያውን ስትነፋው ጨነቀኝ። የለኝም አልኳት። በትእዛዝሽ መሠረት እኔም ሰፈሩም ለቀጄላ አደራ ሰጥተናል አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ!»

ዶክተሯ ገብታ ቆመች። ኦቦ ሚልኬሳ ጠመንጃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት፤ አፈሙዙ በትከሻቸው በኩል ወጥቶ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

«ኦቦ ቀጄላ፣ በዚህ ቤት ጠመንጃ አለ?»

«የእኔ?»

«የማንም!»

«ይሄ ቤት ተጠይቋል!» አሉ ኦቦ ሚልኬሳ፣ ችሎት ላይ እንዳሉ ሁሉ። «የተጠየቀ ቤት እንደገና አይጠየቅም። ያደረግነውም አንቺ ያዘዝሽውን ነው። ለመሆኑ ሐኪም የሰው ጠመንጃ ለምን ይጠይቃል? ይሄን ንገሪንና እንስማ።»

ዶክተሯ ለምን እንደጠየቀች ብትናገር የበሽተኛዋን ገመና አደባባይ ማውጣት ነው። ዓይኗ ጠጅቱ ላይ አረፈ። ጠጅቱ ያንን ዓይን አየችና፣ ነገሩ ከእሷ በቀር የሚናገረው ሰው እንደሌለ ገባት። እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሳች።

«እኔ ነኝ ያስጠየቅኩት» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «አንድ ጠመንጃ ነበረን። እሱን ላስወጣ ብዬ ነው ሐኪም ቤት የወሰድኩት። ጨጓራውን ምንም አላመመውም። ባሌ መሞት ነው ያማረው! እናንተ ደግሞ መርጦ እንዲያነሳ በየዓይነቱ አመጣችሁለት!»

የዳኜ ክንድ ላይ ያለው መለኪያ ፉስ እያለ ተነፈሰ።

ጠጅቱ ባሏን ለማየት ፈራች። አዋረድሽኝ ብሎ ይጮሃል፣ ወይ ጥሎ ይወጣል ብላ ጠበቀች። ቀጄላ ግን ጎታውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«እውነቷን ነው» አለ። «መጥረቢያውንም የመለስኩት ለዚያ ነው።»

ዳኜ ወደ ቀጄላ ተጠጋ። «ታዲያ መልሰህ ውሰደዋ! እኔ መጥረቢያ አለኝ፤ ምን ያደርግልኛል! ዛሬውኑ አመጣልሃለሁ!»

ማንም አልሳቀም። ኦቦ ሚልኬሳ ጋቢያቸውን ከጠመንጃው ላይ ገፈው ለቀጄላ አለበሱት፤ ለምን እንዳለበሱት እሳቸውም አያውቁትም፣ ቀኑ ሞቃት ነበር። ከዚያ ሁሉም የየራሱን አነሳ። በነዶ ሳይሸጉጡ፣ በፍራሽ ሳይጠቀልሉ፣ በቀን በሐኪሟ ፊት ተሸክመው ወጡ። ዶክተሯም የአንዱንም ባለቤት አልጠየቀችም። ድመቷ ልጆቿን ይዛ ቀረች።

ግድግዳው ላይ ምንሽሩ ብቻ ቀረ። ቀጄላ ተነስቶ በገዛ እጁ አወረደውና በር ላይ ለቆመው ለሊቤ ዘረጋለት።

«አደራ» አለው።

ሊቤ በሁለት እጁ ተቀበለ። «እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ። መልስልኝ ብልህ ግን አትመልስልኝ።»

«እንዴት? ባለቤቱ ሲጠይቅ?»

«ብለምንህም እንዳትሰጠኝ። ሽማግሌ ብልክብህም እንዳትሰጠኝ።»

«ቀጄላ፣ ሰው ምን ይለኛል? አደራ በላ አይለኝም?»

«ይልሃል። ቀድሜ የምልህ እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜም እንዳትሰጠኝ።»

በዚያ አገር አደራ በላ የተባለ ሰው ሌባ ከተባለው ያንሳል፤ ሌባ ቢታሰር ይፈታል። ሊቤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተና «እሺ» ብሎ ሄደ።

ቀጄላ መድኃኒት ጀመረ፤ የጨጓራውን አይደለም። አንዳንድ ሳምንት ይበላል፣ ይተኛል፤ አንዳንድ ሳምንት ወደ ቆርቆሮው ጥግ ይመለሳል። ከእንደዚህ ባሉት ሳምንታት በአንዱ፣ በሰበታ የገበያ ቀን፣ ጠጅቱ ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ የባሏን ጩኸት ሰማች። ስትዞር ቀጄላ ከሚኒባሶቹ አጠገብ የሊቤን ኮት አንገት ጨምድዶ ይዟል።

«ጠመንጃዬን አምጣ!»

«አልሰጥም» አለ ሊቤ።

«የአባቴን ዕቃ! ሰዎች፣ ፍረዱኝ! ይሄ ሰው አደራ በላ ነው!»

ገበያተኛው ከበባቸው። ረዳቶቹ «ተፍኪ! ተፍኪ!» ማለት አቆሙ። አንዲት አሮጊት ሊቤን አይታ ወደ ጎን እንትፍ አለች። የሊቤ ፊት በርበሬ መሰለ፤ ሚስቱ፣ አማቱ፣ የዕድሩ ሰዎች ሁሉ እዚያ አሉ። አንዲት ቃል ቢናገር ነጻ ይወጣል፤ ጠጅቱም ያቺን ቃል እንዳይናገራት ስትለምነው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

«አዎ፣ በልቻለሁ» አለ ሊቤ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ከዚያ ቀጄላ ኮቱን እንደጨመደደው እሱም በክንዱ አቀፈውና፣ ሁለቱም አንድ ላይ እየተንገዳገዱ ወደ ሚኒባሱ ገቡ። ጠጅቱም ሽንኩርቷን ትታ ከኋላቸው ተሳፈረች።